የጋሼ ሸምሱ ምራቂ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ነገ የኳንተም ኮምፒውተር ቺፔ ለሙከራ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ የሚቀመጥበትን የመዳብ ሳጥን ተቀበልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁት ቺፑ ላይ ያሉትን የማይክሮዌቭ ሞገድ ማስተላለፊያ ክፍሎች ለማሳነስ ነው። ሳጥኑም ከአውራ ጣቴ ጥፍር እንዳይበልጥ ለብረት ሠሪው ለጋሼ ሸምሱ ሥዬ ሰጥቻቸው ነበር። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር አወጡልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነው!»

«ለዚያች ሚጢጢማ ከሰው ገንዘብ አይወሰድም፣ ነውር ነው። መዳብ ጨመር አድርጌበታለሁ፤ ምራቂ ነው» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ሳጥን ሲሰፋ በውስጡ ሌላ ሞገድ ይነሳና የቺፑን ምልክት ይውጠዋል። ይሄን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ንድድ እያልኩ አመስግኜ ወጣሁ።

ሥራው ደግሞ ሲያምር! መስታወት አስመስለው ወልውለውታል። ቤት ገብቼ ቺፔን ከተትኩበት፤ ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ይንኳኳል።