አለማያ የቀረው ሳቅህ

ውዴ ኪሮስ፣

ከተለየኸን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እስካሁን ያልጻፍሁልህ የምነግርህ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰቆጣ እያለሁ መቃብርህ ቅርቤ ስለነበር እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ጎራ ብዬ አወራህ ነበር። አሁን ግን ሩቅ ነኝ። አንተ ሁለተኛ ዲግሪህን የተማርህባት አለማያ ነው ያለሁት፤ እኔንም መሥሪያ ቤቱ ለዚሁ ትምህርት ልኮኛል።

የቤቱን ላስቀድምልህ። ልጃችን ምሕረት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ወዳንተ ሄዷል። እናትህ ከጋዝጊብላ መጥተው አብረዋት ናቸው። ልሂድ አልሂድ እያልሁ ሳመነታ “ሂጂ፣ ልጅቷን ለእኔ ተያት” ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሰቆጣ ባጃጅ ገብቷል። እናትህ ከገበያ ሲመለሱ ጎረቤት እንዲያይ ደጃፋችን ድረስ ያስመጡታል።

እዚህ እንደደረስሁ መጀመሪያ የፈለግሁት ሐይቁን ነበር። ደብዳቤዎችህ ሁሉ ስለ እሱ ነበሩ፤ ከትምህርት ስትወጣ ዳር ዳሩን እንደምትሄድ፣ ወፎቹ እንዴት እንደሚያርፉበት። የለም፣ ደርቋል። መሬቱ ላይ ድንች ተተክሏል፣ ከብት ይግጣል። አንተ ያየኸውን ውኃ እንኳ ሳላይ ቀረሁ ብዬ ተናደድሁ። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም።

ከዚያ እየጠየቅሁ፣ ተከራይተህበት የነበረውን የእትዬ ዘሃራን ግቢ አገኘሁት። የኪሮስ ሚስት ነኝ ስላቸው አቅፈው ሳሙኝ። ማረፍህን ከሰው ሰምተው ኖሯል። “ያ ሳቂታ ልጅ” አሉኝ። “ሳቁ ከበር ጀምሮ ነበር የሚሰማው።” በረመዳን ወጥ ቤታቸው ገብተህ ሽንኩርት ትከትፍላቸው እንደነበር፣ ልጆቻቸውን በተረት ስታስቅ ለማፍጠር የቀረበው ሾርባ ይቀዘቅዝ እንደነበር ነገሩኝ።

ኪሮስ፣ እቤታችን ጨው የት እንደሚቀመጥ ታውቅ ነበር? ከሥራ ስትመጣ ራዲዮውን ከፍተህ ዝም ነበር። እኔም ጠባዩ ነው ብዬ፣ ዝምታህን ወድጄ ዘጠኝ ዓመት ኖርሁ። ሳቅ እንደነበረህና እዚህ ትተኸው እንደመጣህ ማን ነገረኝ? የተከራየህበትን ክፍል እኔም ተከራየሁት። እትዬ ዘሃራ አንተን ባነሱ ቁጥር ግን ሥራ እንዳለበት ሰው እነሳለሁ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከሚያስተምሩን አንዷ ሰብለ ናት፤ ያኔ አብራህ የተማረችው። ከሰቆጣ መምጣቴን ስታውቅ ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ “ኪሮስ እንዴት ነው?” አለችኝ። አልሰማችም ነበር። አርፏል፣ ባለቤቴ ነበር አልኋት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ደብተሬን ታቅፌ አጽናኟ ሆንሁ። በእንባዋም ቀናሁ፤ የእኔ ካለቀ በኋላ የእሷ ገና ትኩስ ነበር።

ፊቷን ጠርጋ በቋንቋችሁ፣ በኽምጣንጋ ሰላም አለችኝ። “እሱ ነው ያስተማረኝ” አለች። ሰላምታዋን በአማርኛ መለስሁላት። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ አንተና እናትህ በቋንቋችሁ ስታወሩ በመካከላችሁ እንደ እንግዳ ነበር የምቀመጠው። አስተምረኝ ስልህ “አማርኛው ምን አነሰሽ?” ብለህ ታልፈኝ ነበር። ለእሷ ግን አንሷት ኖሯል።

ያን ሳምንት ክፍሏ አልገባሁም። ሰው ታማለች ብሎ ነግሯት ይሁን እንጃ፣ ቅዳሜ እቤት ድረስ መጣች። እትዬ ዘሃራ ሻይ አቅርበው ትተውን ወጡ።

“በእኔ ቀንተሻል” አለችኝ።

“አዎ” አልኋት። ምን እደብቃለሁ?

“እኔም በአንቺ ቀንቼ አውቃለሁ። ምንም አልነበረንም፤ እንዲኖረን ግን ፈልጌ ነበር። እያሳቀን ሳለ ስልክ ቤት ሊዘጋ ነው ብሎ ይነሳል፤ ሚስቴ ትጠብቃለች ይላል። ስምሽ ሲነሳ ሁሌ ያናድደኝ ነበር።”

አመንኋት። እኔም ሰቆጣ ስልክ ቤት ተሰልፌ የጠበቅሁህ ትዝ አለኝ። ግን ስትደውል ሦስት ቃል ብለህ ዝም ነበር የምትለው፤ ሳቁ ለእነሱ፣ ዝምታው ለእኔ። ሰኞ ክፍሏ ገባሁ። ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ እሱም ያስቀናኛል። አሁን ሰላም እንባባላለን፣ አንዳንዴም ምሳ አብረን እንበላለን። ቅናቴ ግን ወጣልኝ ብዬ አልዋሽህም።

ክረምት ስመጣ እናትህ ኽምጣንጋ ሊያስተምሩኝ ነው። በስልክ ስለምናቸው ሳቁብኝ፣ ምሕረትም ከኋላቸው ሳቀች። እሷ ቀድማኝ ችላለች።

የሚስቀውን ኪሮስ የአለማያ ሰዎች ያስታውሱት። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ከሰቆጣ ከወረድህበት ከዝቋላ ቆላ ወባ ይዞህ ተመልሰህ፣ መናገር ሲከብድህ፣ ሆስፒታሉ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬህ ነበር። ጭንቅላትህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ፣ አንድም ቃል ሳንነጋገር ረፋዱን ሙሉ ተቀመጥን። ያን ለእትዬ ዘሃራም ለሰብለም አልነገርኋቸውም፤ ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም። አንተ ጋ እስክመጣ ብቻዬን አስታውሰዋለሁ።

ባለቤትህ አበባ