የሌሊት ወፍ ስለሚታይበት የእናቴ ኮርኒስ

ይድረስ ለተከበሩ የቅርሱ ሕንፃ አስተዳዳሪ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይ ሳንባዎ ደህና ነው? ያሰንብትልዎ፤ የኛን ሳንባ ነገር ወደ ታች እደርስበታለሁ።

እኔ በሕንፃው ጓሮ በኩል የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ ኮርኒስ በመምታት ግን ከኔ እበልጣለሁ የሚል ካለ ይምጣ። እና ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ኮርኒስ ተበስቶ ጣሪያው ውስጥ የሚኖሩት የሌሊት ወፎች መታየት ሲጀምሩ፣ መድፈኛ ችፑዴን ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ጥበቃዎ ቅርስ አይነካም ብሎ እግሬን ጎትቶ አወረደኝ። እሺ፣ መሥሪያ ቤትዎ ይሥራልን ብለን አመለከትን። ሠሩልን፤ እግዜር ይስጥልን። ቀዳዳውን አሰፉት፣ ጠርዙን በእንጨት ከበቡት፣ በራችን ላይ «የሌሊት ወፍ መመልከቻ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሲመሽ ጎብኚ ሁሉ የእናቴን አልጋ ከቦ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ለጎብኚ ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ ይታደላል። ለእናቴ የሚታደላት ኩሱ ነው።

ሁለተኛ ሽታው። ድመት የሸናበት ምንጣፍ ከላስቲክ ጋር ቢቃጠል፣ ከኛ ቤት አጠገብ ሽቶ ነው። ብርድ ልብሷን ሳራግፍ ጥቁር ሩዝ የሚመስል ነገር ይረግፋል። ድንጋይ ብበላ የሚፈጭልኝ ሰውዬ፣ አሁን እዚያ ቤት እህል አይወርድልኝም።

ሦስተኛ፣ የሌሊት ወፎቹ እንዳይረበሹ ተብሎ ማታ መብራት ተከልክለናል። እናቴ መርፌዋን ክር የምታጎርሰው በዳሰሳ ነው።

አራተኛ፣ የሳንባው ነገር። ሐኪሙ ሳሏ ከኩሱ አቧራ ነው፣ ቀዳዳው ካልተዘጋ አትተርፍም ብሎናል። ባለፈው ጎብኚ ቆሞ ሳለ ሳሉ ተነሳባት። አስጎብኚዎ፣ የተባረከ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ፣

«እማማ፣ ሳልዎን ቀስ ያድርጉት፤ እንዳይደነግጡብን» አላት።

እሷ የዋህ ደግሞ ያንኑ ብርድ ልብስ አፏ ላይ ጠቅጥቃ ይቅርታ አለች። እናቴ የሌሊት ወፍ ይቅርታ ጠየቀች፣ ክቡርነትዎ።

ደግሞ እኮ እነሱን ለማየት መኝታ ቤት መግባት አያስፈልግም። አመሻሹ ላይ ግቢው ውስጥ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው፣ በጣሪያው መስኮት እንደ ጭስ እየተግተለተሉ ሲወጡ ይታያሉ። በነፃ ነው የመከርኩዎ።

እንግዲህ ቀዳዳውን ዛሬ ጎብኚ ሳይመጣ እደፍነዋለሁ። ፖሊስ ከላኩ ሚስማር ማቀበል የሚችል ይሁን።

ከማያልቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ማቅለሽለሽ ጋር፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣
የከተማው አንደኛ ኮርኒስ መቺ

ይቺን ረስቼ፦ መልሰው ካስከፈቱት እናቴን ከነአልጋዋ ተሸክሜ ቢሮዎ አስገባታለሁ። እርስዎ በእሷ ክፍል ሆነው ቅርሱን በቅርብ ይጠብቁታል። ሲተኙ ብቻ አፍዎን ይግጠሙ።