የሎሪስ እግር

እሑድ፣ ማርች 20
የዓመቱ መጀመሪያ የመኪና ውድድር። እንደ ወጉ በቴሌቪዥን ለማየት እህቴ ዲርቼ ቤት ተሰበሰብን። ቶርቴሊኒ፣ ሥጋ የታጨቀበት ፓስታ፣ በሾርባ፤ ቀይ ወይን። ባሏ አርቴሚዮ የከተማችን መኪና ፋብሪካ ውስጥ የሞተሩን ብረት የሚያቀልጥ ሰው ነው፤ እዚያ የተሠራችው ቀይዋ መኪናችን ስትሮጥ የሚያልበው እሱ ነው።
ልጃቸው ኒቬስ እጮኛዋን ይዛ መጣች። ሎሪስ ይባላል፤ አይብ ቤት ይሠራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ወንበሩን ቢገጨው ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ገና ቁጭ ሳይል የመኪናችን ሞተር ጨሰ።
"አንተ ልጅ፣ ምን ይዘህብን ገባህ?" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። አርቴሚዮ አልሳቀም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 17
ሎሪስ መጣ። ጎማ ፈነዳ።
አፌ መች ያርፋል... "እግሩ ደረቅ ነው!" አልኩ። አርቴሚዮ ቶሎ ብሎ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። ክፉ ሲመጣ ብረት መንካት ነው።

እሑድ፣ ሜይ 8
ለቀልድ ያህል ሎሪስን አይስክሬም እንዲያመጣ ላክሁት። እሱ እንደሄደ መራን! ሲመለስ ተቀደምን። ሎሚ አምጣ ብዬ መልሼ ሰደድሁት። አሸነፍን! አባ ሲስቶ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አንጫጩት። መኪናችን ስታሸንፍ የሚደውሉትን ያህል ለትንሣኤም አይደውሉ።
ሎሪስ ሎሚውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ምን ሆነ?"

ጁላይ 10
በረዶ፣ ጨው፣ ክብሪት፣ እንደገና ጨው... እሱ ይላካል፣ እኛ እናሸንፋለን። ዲርቼ ጨው የምታስቀምጥበት አጥታለች።

ኦገስት 15
በዓል ነው። ኒቬስ አልቅሳ መጣች።
"አባባ ሠርጉን እንቢ አለ። ደረቅ እግር ቤቴ አይገባም አለ።"
"ቀልድ ነበር እኮ..."
"እንግዲያው አጎቴ፣ ቀልድህን ልቀመው!"
አርቴሚዮ ዘንድ ሄድሁ። የፈጠርሁት እኔ ነኝ አልሁት።
"ኤርሜቴ፣ በዕድሜህ አንድ እውነት ተናገርህ፤ እሱንም ልትክድ ነው?"


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 8
ነገ የመጨረሻው ነው። ከእንግሊዞቹ መኪና ቀድመን ከገባን ዋንጫው የኛ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9
ሰው ሳይመጣ ሎሪስን ጓዳ ደበቅሁት፣ ሳላሚው፣ የደረቀው ቋሊማ፣ የተንጠለጠለበት። የምናውቀው እኔና ኒቬስ ብቻ።
"ጋሼ ኤርሜቴ፣ ብንሸነፍስ?"
"ያኔ ጠበብ በል፣ እኔም እገባለሁ።"
እንግሊዞቹ መሩ። አርቴሚዮ ባርኔጣውን ይነክሳል። ኒቬስ እኔን በዓይኗ ትበላኛለች። ድንገት ከጓዳ... እንጥሽ!
"ምንድን ነው?" አለ አርቴሚዮ።
"አይጥ ናት" አልሁ።
"አይጥ ያስነጥሳታል?"
"ጉንፋን ይዟት ይሆናላ" አለች ዲርቼ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። ታውቅ ነበር እንዴ?
በመጨረሻው ዙር እንግሊዛዊው መታጠፊያውን ሰፋ አድርጎ ዞረ፤ ቀይዋ በውስጥ በኩል ሹልክ! ደወሉ ሲጮህ ሮጬ ጓዳውን ከፈትሁ።
"ይኸው! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ነበር!"
ሎሪስ ግማሽ ሳላሚ ይዞ ወጣ። አርቴሚዮ እሱን አየ፣ ጓዳውን አየ፣ እንደገና እሱን። ከዚያ ጉንጭና ጉንጩን ሳመው።
"ሠርጉ ለጃንዋሪ ይሁን" አለ። "ግን አንተ ልጅ፣ ከእንግዲህ በውድድር ቀን ከዚህ ጓዳ ንቅንቅ እንዳትል!"

እሑድ፣ ማርች 19
አዲስ ዓመት፣ አዲስ ውድድር። አማቹ ሎሪስ ሳይነገረው ጓዳ ገባ። ዲርቼ ወንበር ከነትራሱ አስገብታለታለች፤ ኒቬስ ሾርባውን በበሩ ቀዳዳ ታቀብላለች። ያማረ ትዳር ነው።
አንዷ መኪናችን በመጀመሪያው መታጠፊያ ከመንገድ ወጣች። ሁለተኛዋ ወደ ኋላ ቀረች።
"ሎሪስ በቦታው ነው" አለ አርቴሚዮ ቀስ ብሎ። "ጓዳውም ተዘግቷል..."
ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።
"አጎቴ" አለች ኒቬስ፣ ማር በመሰለ ድምፅ፣ "እስቲ አይስክሬም አምጣልን።"
ይህን የምጽፈው አይስክሬም ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ሻጩ ምን ልስጥህ ቢለኝ፣ ምንም፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ነው አልሁት። አሸንፈን ደወል ካልተደወለ ነጻ ነኝ። ጌታዬ፣ ዛሬ ብቻ እንሸነፍ...
ደወሉ!
ወይ ጉዴ። ደግሞ እንዴት አድርገው ይደውሉታል።