ቡችላው የገደፈበት ሳምንት

እሑድ፣ የትንሣኤ ዕለት

እንደገና አስታወከ። ጧት ሲዘል የነበረው ቡችላችን መከታ ከበረቱ ደጃፍ ተጋድሞ ሆዱ ይኮማተራል። መጀመሪያ የወጣው ጮማና የአጥንት ስባሪ ነበር፤ አሁን ቢጫ አረፋ ብቻ ነው። ባለቤቴ ውድነሽ ወተት ልታጠጣው ስትነሣ ከለከልኋት።

ጎረቤታችን ጫኔ መርዝ ጥሎለት ይሆናል። ቡችላው ጫጩቶቹን ቢያባርርበት በሆሣዕና ሰሞን ዝቶ ነበር። ዛሬ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ እጄን አልዘረጋሁለትም፤ ጠላውን ሳይቀምስ ተመለሰ። በትንሣኤ ዕለት።

ሰኞ፣ ማዕዶት

ሌሊቱንም ሲያስመልሰው አደረ። ቢሞት በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅ የለንም። ዳባት ላለችው የእንስሳት ሐኪም ደወልሁ። ትውከቱ ደም እንዳለው፣ ይንቀጠቀጥም እንደሆነ፣ የድዱ መልክ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። የውሻ አፍ መንካትን ስጸየፍ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ገልጬ አየሁ። ትውከቱ ደም የለውም፤ ድዱም አልነጣም።

መርዝ ነው አልኋት። መርዙን አይቼ እንደሆነ ጠየቀች። አላየሁም። እስከ ትናንት ምን ሲበላ እንደከረመ ጠየቀች። ቤቱ ጾመኛ ነውና ሽሮ ፍትፍት ነው የሚበላው። ትናንትስ? ትናንት የበጉን ላት፣ ሆድ ዕቃና አጥንት በገዛ እጄ ጣልሁለት፤ «አንተም ግደፍ» ብዬ።

«ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ሰውም በልክ ነው የሚገድፍ፣ የኔታ» አለችኝ።

ይህንኑ በየዓመቱ ለምእመናን የማስተምር እኔ ነኝ።

እስከ ማታ እህል እንዳይቀምስ፣ ውሃም ጥቂት በጥቂት እንዲሰጠው አዘዘች። ወተት፣ ዘይት፣ የሰው መድኃኒት በአፉ እንዳይገባ። ደም ከታየበት ወይም ውሃውም ካልረጋለት ግን ሳንዘገይ እንድናመጣው።

ማክሰኞ፣ ቶማስ

ውሃው ረጋለት። ሆኖም አልተነሣም።

ቶማስ ሳይዳስስ አላመነም፤ እኔ ሳልዳስስ ፈረድሁ። ከጸሎት በኋላ ጫኔ ቤት ሄጄ የጠረጠርሁትን ሳልሸሽግ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ፊቱ ጠቆረ። የነገሩን ምክንያት ሲሰማ ግን፣ «የኔታ፣ ውሻዎ ዲያቆን ነበር እንዴ፣ እንዲህ የጾመው?» አለኝ። አልሳቅሁም። ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

ረቡዕ፣ አልዓዛር

ከሞት የተነሣውን ሰው ስም ከውሻ ነገር ጋር ማያያዝ ድፍረት ነው፤ አላያይዝም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጧት ውድነሽ ጨው የሌለው ቅቅል ሩዝ በእፍኟ ሰጠችው። ላሰው፤ አልመለሰውም። ቆመ፤ እግሩ ከድቶት ተቀመጠ። «ይድናል?» ስትለኝ የውሃውን ጣሳ አቀረብሁለት።

ከቀትር በኋላ ጫኔ ሊጠይቀው መጣ። ገና ከአጥሩ ሲገባ መከታ ተነሥቶ፣ እየተንገዳገደ፣ ጥርሱን አሳየው። ጫኔ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ «ይኸው፣ አልሞተም» አለ።

ውሻውን አልገሠጽሁትም።