የገብርኤል ማኅበር ድፎ

ሰኔ 12፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1፡00

ሦስተኛው ሙከራ። ታቹ ትንሽ ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ጥጥ። ደብተሬ፣ ምስጢሩን ላንተ ብቻ፦ ዱቄቱን በውሃ ሳይሆን ለብ ባለ ወተት ነው ያቦካሁት። ረቡዕ መሆኑ አላሳሰበኝም። ከፋሲካ ወዲህ ያለው ሃምሳ ቀን ገና አላለቀም፣ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም።

እማማ አስካለ፣ አማቴ፣ ቆርሰው ቀመሱ። ዝም። እሳቸው ዝም ሲሉ ወይ ወደውታል ወይ ንቀውታል፤ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ መለየት አልቻልኩም። ቆይተው ሌላ ቁራሽ አምጪ አሉ። ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ቁርጥ ሆነ። የፊታችን ረቡዕ፣ በ19፣ የገብርኤል ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነው። የዚያን ዕለት እማማ የማኅበር ቦታቸውን ለእኔ ያስረክባሉ። ጉልበታቸው ከደጅ አላስወጣ ብሏቸዋል። ሴት ልጅ የላቸውም፣ ያለሁት እኔ ነኝ።

ማኅበርተኞቹ ግን አልተዋጠላቸውም። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ገበያ መሀል ቆማ፣ የጴንጤ ልጅ ጾሙን ከፍስኩ መቼ ለይታ ታውቃለች ብላለች አሉ። የተጠመቀችውም ለሠርጓ ነው ብላ ጨምራለች። አቤት ምላስ! የሚያናድደው ደግሞ እውነት መሆኑ። ያኔ ለሠርጌ ነበር። ሸኮ አገራችን ያለችው እናቴ አኩርፋ ድግሴ ላይ አልመጣችም። አሁን ግን የራሴ ነው። ማንም ሳያየኝ የምጸልየው ለጥሩወርቅ ብዬ ነው?

ማኅበራችን ወጥ አያውቅም። ጠላና አንድ ትልቅ ድፎ፣ በቃ። ስለዚህ የሁሉም ዓይን ዳቦው ላይ ነው።

ባሌ ታምራት ቴፒ ነው፣ መኪናውን ጭቃ ይዞበት። ደወለ። ታምራት የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፣ አይዞሽ። አይዞሽ ዳቦ አይጋግርም።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00

ዝናብ። እንጨቱ እርጥብ። ከጓሮ ኮባ ቆርጬ እሳት ላይ አለሰለስኩ። ኮረሪማ ወቀጥኩ፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል። ጎረቤታችን ሃዋ ሦስት ሊትር ወተት አመጣች። የጅማ ሴት፣ ላሟም እሷም አያርፉም። አምስት ኪሎ ዱቄት አቦካሁ። ክንዴ ሊገነጠል ነው። ሊጡ እስከ ጠዋት ይነሣል። ኩፍ በል አባቴ!

እማማ ከአልጋቸው ሆነው እንዴት ነው አሉ። እንደ ባለፈው ረቡዕ ነው የማደርገው አልኳቸው። እንደዚያኛው አድርጊ አሉ።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ወጣ! ከታች ፍም፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይም ፍም። ላብ በላብ ሆንኩ። ኮባውን ስልጠው የቅጠሉ መስመር ዳቦው ላይ ቀርቷል። ያሳሳል።

እማማ በከዘራ ተደግፈው ኩሽና ድረስ መጡ። ከፋሲካ ወዲህ ገብተው አያውቁም። ዳቦውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና እጅሽ ይባረክ አሉ። እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው አልኳቸው። እንግዶቹ 9 ሰዓት ነው የሚመጡት።

ቀን 7፡00

ሃዋ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የረቡዕና የዓርቡን ወተት ለሆቴል ልስጠው ወይስ ለእናንተ ልያዝ ትላለች። ምነው አልኳት። ጾማችሁ ተመለሰ አይደል እንዴ አለች። እሑድ ጰራቅሊጦስ ነበር፣ ሃምሳው አለቀ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾማችንን የምትቆጥረው ለገበያዋ ነው፤ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

9 ሰዓት የተባለው ለዚህ ነበር እኮ! ጾመኛ እስከ 9 አይቀምስም። እማማ ጠዋት ቁርስ አልፈልግም ሲሉ ለድግሱ ሆዳቸውን የሚያቆዩ መስሎኝ ነበር። ደደብ! ሃዋ ፊቴን አይታ ገባት። ያ ረቢ ብላ አፏን ያዘች።

አሥራ ሁለት ሴት፣ አንድ ቄስ። ሁሉንም ላስገድፋቸው ነው። ደግሞ ማንም አያውቅም። ወተት ዳቦ ውስጥ አይታይም። ዝም ማለት ይቻላል እኮ። ይቻላል።

እንደገና ላቡካ? በሁለት ሰዓት ቂጣ እንጂ ድፎ አይደርስም። ጥሩወርቅ ፊት ቂጣ!

8፡00

ለእማማ ነገርኳቸው። ተንበርክኬ። ይጮሁብኛል፣ ወደ ሸኮሽ ሂጂ ይሉኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። በሩን ዝጊው አሉ። ዘጋሁት። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ትንፍሽ እንዳትይ። አንቺ ሳታውቂ ነው። አሁን እኔ አውቄያለሁ፣ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። ጥሩወርቅ አፍ ውስጥ አልጥልሽም ልጄ።»

ልጄ አሉኝ።

እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ረቡዕ ገድፈው አያውቁም። ታመው መድኃኒታቸውን እንኳ እስከ 9 ያቆያሉ። ይጠሉኛል እያልኩ አምስት ዓመት ላንተ ስጽፍ ነበር፣ ደብተሬ። አፈርኩ። እሺ አልኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

9፡20

ቤቱ ሞልቷል። እኔ ኩሽና ነኝ፣ በቁራጭ እርሳስ ነው የምጽፈው። አባ፣ ቄሱ፣ ጸሎት ጀምረዋል። ጥሩወርቅ ሽታው ብቻ ያጠግባል አለች። እሷ! ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እሞት ነበር።

ብናገር ቦታው ቀረ። የእማማም ስም አብሮ ይነሣል። ባልናገር ሁሉም መርቆኝ ይሄዳል።

ግን ቀድመው የሚቀምሱት እማማ ናቸው። የባለቤት ወግ ነው። ሌሎቹ ሳያውቁ ይበላሉ፣ እግዚአብሔርም ያያል። እሳቸው እያወቁ ሊውጡት ነው። በሰባ ዓመታቸው፣ በእኔ ሰበብ። ዳቦው አጠገብ ተቀምጠው በበሩ በኩል ያዩኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዝም በይ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አልችልም። እሺ ብዬ ነበር፣ አልችልም። ይቆጡኝ። ዳቦው ለሃዋ ልጆች ይሂድ። ቂጣ ለመጋገር ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል፣ የሚቆይ ይቆይ፣ የሚሄድ ይሂድ።

ጸሎቱ አለቀ። አባ ቢላዋ አምጪ ይላሉ። ቢላዋውን እዚሁ ትቼ ባዶ እጄን እገባለሁ።