ጌሾዬ በሞሚና ጓሮ

መጋቢት 6፣ ማለዳ

ጤዛው ሳይደርቅ ጎመኑ ላይ አመድ ነሰነስሁ። ክሽክሹ፣ ያ ጥቃቅን ተባይ፣ ከቅጠሉ ሥር ስለሚደበቅ ቅጠል እየገለበጡ ነው። ደረቅ ቅጠል አመድ አይዝም። የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቀጠፍሁ፤ ልቧን አልነካሁም። ልቧ ከተነካ አለቀላት።

የገበሬ ማኅበሩ ተላላኪ መጣ። ሚያዝያ ሳይገባ ሁላችንም ወደ አዲሱ መንደር፣ ሮቤ መንገድ ዳር። ቤት በመስመር። ዕቃችሁን ሰብስቡ አለ። ጎመኔን ዕቃ አላለውም።

ደብተሬ፣ ፊደል የለየሁት አምና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው የለኝም። ላንቺ እጽፋለሁ።

መጋቢት 7

ሌላው ይቅር። ጌሾዬስ? ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ በሬውን ወሰዱ፣ አልጋውን ወሰዱ። እሷን መንቀል ስላልቻሉ ቀረችልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቅጠሏን ሮቤ ገበያ እየሸጥሁ ኖርሁ። ከሞተች የሚቀረኝ ደጅ መጥናት ነው። የማንን ደጅ? እሱንም አላውቅም።

ትልቅ ጌሾ ተነቅሎ አይጸድቅም ይላሉ። እሞክራለሁ። ቅርንጫፏን እስከ ጉልበቴ ቆረጥሁ፤ ጥቂት ቅጠል ተውሁላት። አንድ ክንድ ርቄ ዙሪያዋን ቆፈርሁ፣ የውጭ ሥሯን በመጥረቢያ ቆረጥሁ፣ አፈሩን መለስሁ። ቀስ ብላ ትልመደው። በፀሐይ መውጫ በኩል ቀይ ክር አሰርሁ፤ ስትተከል ፊቷ እንዳይዞር።

ሞሚና ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታየኛለች። ጎረቤቴ ናት። ከተነጋገርን አራት ዓመት። ዶሮዎቿ የነጭ ሽንኩርት መደቤን ጫሩ፣ ድንጋይ ወረወርሁ፣ የአንዷ እግር ተሰበረ። እሷም ሰው በተሰበሰበበት ልበ ድንጋይ አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

መጋቢት 17

ለቦታው ዕጣ ወጣ። የእኔ ጠጠር ነው፤ ዶማው ይጮኻል። ከጎኔ ያለው ድሮ የከብት በረት ነበረ። አፈሩ ጥቁር፣ እጅ እስከ አንጓ የሚሰጥምበት። ለማን ደረሰ? ለሞሚና! ከሰው ሁሉ ለእሷ!

ሊቀ መንበሩን ቀይርልኝ አልሁት። እማማ ብርቄ፣ ዕጣ ነው፣ አብዮቱ ለማንም አያዳላም አለኝ። የእሱ ቦታ ምንጩ አጠገብ ነው።

መጋቢት 21፣ ከሰዓት

ገባን። ጌሾዬን ትናንት ውሃ አጠገብኋት፤ ዛሬ ከነአፈሯ በጆንያ ጠቅልለን በጋሪ መጣች። ክሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጌ ተከልኋት። ጉድጓዱ ጠጠር ብቻ። የበሰለው የፍግ ክምሬ እዚያው ቀረ፤ ጋሪው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ከብት ካደረበት ትኩስ እበት በቅርጫት አምጥቼ ጨመርሁ። ከባዶ ይሻላል ብዬ።

መጋቢት 28

የቅጠሎቿ ጫፍ ጠወለገ፣ ጠቆረ። ትኩስ እበት! ለሰው ሁሉ የምመክረው እኔ ነበርሁ፦ ጠረኑ እስኪጠፋ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ አፈር እስኪፈረፈር ይቆይ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። እያወቅሁ አደረግሁት። ችኮላ።

አለቀስሁ። ለጌሾ የምታለቅስ አሮጊት።

መጋቢት 29፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሞሚና መጣች። አጥር ገና የለም፤ ዝም ብላ ገባች። «አካም ቡልቴ» አለች፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። እግዜር ይመስገን አልሁ። ተንበርክካ አፈሩን አሸተተች።

«አዴ ብርቄ፣ አቃጥለሻታል።»

«አውቄዋለሁ።»

«እና ቆመሽ ታያታለሽ? ዶማ አምጪ። እኔ ጋ እንትከላት።»

አንቺ ጋ? ጠላ የማትቀምሺው? አልኋት። ባሏ እኮ መስጊድ አዛን የሚያሰማ ሰው ነው።

«ወላሂ፣ መንደሩ ሞሚና ጠላ ልትጠምቅ ነው ማለቱ አይቀርም። ለዶሮዎቼ ጥላ ነው እላቸዋለሁ!»

ዶሮ ስትል ተያየን። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

ደመና እስኪሆን ጠብቀን አወጣናት። ሥሯን አጠብን፤ የጠቆረውን ነጩ እስኪታይ ቆረጥን። ባሏ ከሶላት መልስ አገኘን። ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ ክሩ በየት በኩል ይሁን ብሎ ጉድጓዱን አሰፋልን። እሷ ጓሮ ተከልናት፤ አፈሩን በእግር ረገጥ ረገጥ አደረግን፤ ከሥሯ ገለባ አለበስን፣ ግንዷን ሳይነካ። ግንድ የነካ ገለባ ያበሰብሳል።

ጭስ ላይ ከሰቀልሁት የነጭ ሽንኩርት ዘር ግማሹን ሰጠኋት። ትልልቁን ፍሬ ምረጪ፣ ሹሉን ወደ ላይ አልኋት። አራት ዓመት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ሳይሽ የኖርሁት ለምን መሰለሽ አለችኝ።

የዶሮዋን እግር ነገር አነሣሁ። በድዬሻለሁ አልሁ። እጇን አወናጨፈች። ዶሮዋ እግሯ ከታሰረላት በኋላ ሁለት ጊዜ ፈልፍላለች አለችኝ፤ አንካሳ ሆና።

ሚያዝያ 11

ዝናብ። ከግንዷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ። አንዲት ብቻ። ጸደቀች አልልም። ውርጭ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ የእኔ ዕድል አለ። ግን አረንጓዴ ናት። ሞሚናን ጠርቼ አሳየኋት፤ ዓይኗ ደከም ስላለ በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻት።

ሊቀ መንበሩ እስከ እሑድ ሁሉም ጓሮውን በአራቱም ጎን ይጠር ብሏል። እንጨቱን ቆርጬ ከምሬአለሁ። በሦስት ጎን አጥራለሁ። በሞሚና በኩል አላጥርም። ከጠየቁኝ መልስ አላጣም።

ይኸው፣ ይህን ስጽፍ ዶሮዎቿ ጌሾዬ ሥር ገብተው ገለባውን ይበትናሉ። አንካሳዋ ከፊት ናት። ድንጋይ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥሁት። ዙሪያዋን እሾህ ቢደረግ ይበቃል። ሞሚና እሾህ መቁረጫ ገጀራ ይዛ ብርቄ፣ ብርቄ እያለች ነው፤ መጣሁ ብያለሁና