«አብራዎት ትኖራለች?»

ውድ የበኩር ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ተረጂ፤ ማንም አልተጎዳም፣ እኔም ደህና ነኝ፣ መኪናሽ ግን ወጥ ቤት ገብቷል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ትተሽልኝ የሄድሽውን መኪና ከግቢ ላወጣ ስል ወደ ፊት የምሄድ መስሎኝ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ተናደ። ጎረቤታችን አናጢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ፣ ሻይ ሊያፈሉለት አስገቡት?» አለኝ። መሪውን እንደ ጨበጥሁ ሳቄን ለቀቅሁት።

ከሳቁ በኋላ ግን ሐሳብ ገባኝ። ግድግዳው ዝናቡ ሳይመጣ መቆም አለበት፤ የጡረታ ደመወዜ ደግሞ አይችለውም። ሁለቱንም የመድን ውሎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በእርሳስ እያሰመርሁ አነበብሁ። የመኪናው ውል በስምሽ ነው፤ ሙሉ ሽፋን ስላለው ለተሰበረው የኋላ መብራት ይከፍላል። ግድግዳው ግን የእኔ የቤት መድን ጉዳይ ነው። ያኛው ውል ተሽከርካሪ ገጭቶ ለሚያደርሰው ጉዳት እከፍላለሁ ይልና ወረድ ብሎ፣ «ተሽከርካሪው የመድን ገቢው ወይም አብሮት የሚኖር የቤተሰብ አባል ንብረት ካልሆነ» ይላል፤ መድን ገቢዋ እኔ ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ሰዋስው ሳስተምር «አብሮት የሚኖር» የሚል ሐረግ እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም።

መድን ድርጅቱ ስሄድ የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ፋይሉን ከፍታ፣ «እማማ፣ ባለመኪናዋ ልጅዎ አብራዎት ትኖራለች?» አለችኝ።

«እማማ አትበይኝ፣ መምህርት በይኝ» አልኋት።

ካገባሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጄ እዚሁ ናት» እያልሁ ኖሬአለሁ። አልጋሽን በየሳምንቱ አነጥፋለሁ። ቤትሽ በጠራሽኝ ቁጥር «ጉልበቴን አሞኛል» ያልሁሽም ውሸቴን ነው። ቤትሽን ካየሁት መሄድሽ የምር ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።

«መምህርት፣ ትኖራለች ካሉኝ ካሳ ሳንከፍል ፋይሉን እዘጋዋለሁ» አለች ሠራተኛዋ።

«አትኖርም» አልሁ። «የራሷ ቤት አላት። መጋረጃውን ራሷ ሰፍታ ነው የሰቀለችው። በረንዳዋ ላይ ቲማቲም ተክላለች!» የላክሽልኝን ፎቶ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁና።

«ኧረ ይህን አልጠየቅሁዎትም!»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስሁም» አልኋት።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ስለ ቤትሽ ሰምቶ ተመለሰ። እንዲህ እንደምኮራብሽ እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የምትኖሪበትን አድራሻ ጽፈሽ የፈረምሽበት። ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትሽ በኩል የምልከው አድራሻሽን ጠይቄሽ ስለማላውቅ ነው። ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱ ለመድን ድርጅቱ፣ አንዱ ለእኔ። በእኔኛው ላይ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደምወርድና የበርሽን ቀለም ጨምሪበት፤ ግንበኛው ሥራውን እንደ ጨረሰ እመጣለሁ። እባክሽ እስከ ሰኞ ድረስ መልሱን ላኪልኝ።

እናትሽ